ሞልተን ያስቀመጥነው የባትሪ ድንጋይ ከወር በኋላ ምን ያህል ይዞ ይገኛል? ቤት ውስጥ የሚሠራ መፈተሻ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ሄደ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መብራት ሲጠፋ ደረጃው ላይ የሚረገጠው አይታይም። የብሎካችን ጥበቃ በሬን አንኳኩተው «የኔ ልጅ፣ የባትሪ ድንጋይ ይኖርሃል?» አሉኝ። መሳቢያዬን ከፍቼ ሁለት ሰጠኋቸው። «ሙሉ ናቸው ጋሼ፤ ቻርጅ ተደርገዋል» አልኳቸው።

አልዋሸሁም፤ ሞልቻቸው ነበር። ግን የሞላኋቸው ከሁለት ወር በፊት ነው። ገና 20 ደቂቃ ሳይሞላ የእጅ ባትሪያቸው ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ያለ መብራት ግቢ ሲዞሩ አደሩ። ጠዋት ድንጋዮቹን ሲመልሱልኝ ምንም አላሉኝም። እኔን ግን ከነከነኝ። በጨለማ ለሚጠብቀን ሰው «ሙሉ ነው» ብሎ ባዶ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቤት ያሉትን ድንጋዮች በሙሉ ሰብስቤ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ያደረግሁትን እንዳለ ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር ከመነሻው እንያዝ። ድንጋይ ሲሞላ ምን ያህል ይይዛል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። የያዘውን ለስንት ጊዜ ያቆያል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የሚኖር ሰው ይህ አይጠፋውም። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ውሃ በመጣ ዕለት ከባለ 20ው ይበልጣል። በሳምንቱ ግን ባለ 20ው ይበልጠዋል። ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የጀሪካኑ ትልቅነት ነው። ማንጠባጠቡን የምናውቀው ራሳችን ስንለካ ነው።

መጀመሪያ ድንጋያችሁን ለዩ

እዚህ የማወራው ቤት ውስጥ ስለምንጠቀምባቸው ሁለቱ መጠኖች ነው። አንደኛው ዶብል ኤ የሚባለው የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ትሪፕል ኤ፣ ቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ። የሚሞሉት አብዛኞቹ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የተባለው ዓይነት ናቸው። አካላቸው ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። 1.2 ቮልት የሚልም ታገኛላችሁ። የማይሞላው ድንጋይ 1.5 ነው የሚለው። የማይሞላውን ቻርጀር ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ሊፈስ፣ አልፎም ሊፈነዳ ይችላል።

የሚሞሉትም ሁለት ጎራ አላቸው። የቆየው ዓይነት ሲሞላ ብዙ ይይዛል፤ ግን ቁጭ ብሎ ይጨርሳል። በክፍል ሙቀት በአንድ ወር ውስጥ ከያዘው ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ትልቁን ድርሻ የሚያጣው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው። ምክንያቱ ውስጡ ነው። የተሞሉት ኬሚካሎች ማንም ባያዛቸውም በዝግታ እርስ በርስ መሥራታቸውን አያቆሙም። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓኑ ሳንዮ ኤኔሉፕ የተባለውን አወጣ። በውስጡ ያለውን መለያያና ኤሌክትሮድ አሻሽሎ ማንጠባጠቡን በጣም ቀነሰው። ዛሬ ኤኔሉፕ በፓናሶኒክ ሥር ነው። የአሁኑ መደበኛው ኤኔሉፕ ከ10 ዓመት በኋላም 70 በመቶውን እንደያዘ ይቆያል ይላል አምራቹ። ሌሎችም ኩባንያዎች ይህን መንገድ ተከትለዋል። ይህንን ዓይነት «ቆይ» ብዬ ልጥራው፤ የቀድሞውን ደግሞ «ተራ»። መለያው ቀላል ነው። ቆዩ ከፋብሪካ ተሞልቶ ስለሚሸጥ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ወዲያው ይሠራል። የሚጻፍበትም ቁጥር መካከለኛ ነው፤ ዶብል ኤ ከሆነ 1900 ወይም 2000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፤ የጀሪካኑ ትልቅነት የሚለካበት ነው።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዶብል ኤ ሆኖ እውነተኛ የኒኬል ድንጋይ እስከ 2700 ገደማ ነው የሚደርሰው። 3800፣ 4800 የሚል ቢያጋጥማችሁ ቁጥሩ እውነት አይደለም። እንዲህ የሚል አንድ ጥንድ ቤቴ አለ። የፍተሻ ውጤቱን ወደኋላ ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቴስተር፤ ኤሌክትሪሺያኖች ቮልት የሚለኩበት፣ ርካሹም ይበቃል። ከተሰበረ መጫወቻ የተነቀለ አንድ የድንጋይ ማስቀመጫ፣ ሽቦዎቹ ያልተበጠሱ። አንድ ባለ 4.7 ኦም ሬዚስተር፣ 1 ዋት የሚችል፤ ድንጋዩ ላይ ሸክም አድርገን የምንጭነው ትንሽ ዕቃ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ አይጠፋም። ቀለበቶቹ በቅደም ተከተል ቢጫ፣ ሐምራዊና ወርቃማ ናቸው። ወርቃማ ቀለበት ጫፉ ላይም ሊኖር ስለሚችል ከቢጫው ጀምራችሁ ቁጠሩ። ደብተር፣ ሰዓት፣ ፕላስተር። በቃ።

ቴስተር የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በአንድ የእጅ ባትሪም ይቻላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

1. ስም ስጧቸው

ፕላስተር ቁረጡና በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ፊደልና ቁጥር ጻፉ። አብረው የተገዙት አንድ ፊደል ይይዛሉ፤ ሀ1፣ ሀ2፣ ለ1፣ ለ2። የተገዙበትን ወርና ዓመት የምታስታውሱ ከሆነ ጨምሩበት። ፕላስተሩ ቀጭንና አንድ ዙር ብቻ ይሁን። ከወፈረ የእጅ ባትሪ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል።

2. ተኝተው የቆዩትን አንቁ

ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ድንጋይ መጀመሪያ ሲሞላ ያለውን ሁሉ አይሰጥም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ እስኪጨርስ ተጠቀሙበት፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል። «ይሄ ሞቷል» ተብለው ከሚጣሉት ውስጥ ሲነቁ ደህና የሚሆኑ አሉ። እኔም ሁለት እንዲህ አትርፌያለሁ።

ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ዘመናዊ ቻርጀር በጣም የወረደ ድንጋይ ሲገባበት ባትሪ እንደሌለ ቆጥሮ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ተራ ቻርጀር ላይ አጠገቡ ሆናችሁ 5 ደቂቃ ሙሉትና ወደ ዘመናዊው መልሱት። ይህ የሚሠራው ለኒኬል ብቻ ነው። ሊቲየም ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።

3. ሙሉ አድርጋችሁ ሙሉ

ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

ቻርጀሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ተራው ነው። ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ይሞላል፤ ማቆም አያውቅም። ሁለተኛው ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ለምሳሌ 7 ሰዓት ቆጥሮ ያቆማል። ሦስተኛው ዘመናዊው ነው። ድንጋዩ ሲሞላ ቮልቱ በትንሹ መውረድ ይጀምራል፤ ያንን አይቶ ያቆማል። እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻው የሚያይ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው።

እንግዲህ መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር ቆጣሪው ምን እንደሚሠራ እዩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ድንጋዩን ሰካችሁት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እስከዚያ 5 ሰዓት ሞልቷል። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ሲመጣ ቆጣሪው የነበረበትን አያስታውስም። ከዜሮ ጀምሮ ሌላ 7 ሰዓት ይቆጥራል። በድምሩ 12 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ለ7 ሰዓት የታሰበ ድንጋይ 12 ሰዓት ሲሞላ ይግላል፤ ውስጡ ይደርቃል፤ የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። ይህ በሳምንት ሁለቴ ቢደጋገም ገና አዲስ የሆነው ድንጋይ በዓመቱ ያረጃል። ሰዎች «ድንጋዩ ኮተት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን የገደለው መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምረው ቻርጀር ነው።

መፍትሔው ይሄ ነው። ተራ ወይም ቆጣሪ ያለው ቻርጀር ካላችሁ ቀን፣ ቤት በምትሆኑበት ሰዓት ሙሉ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጉ፤ 200 ሚሊ አምፒር እንበል። ድንጋዩ 2000 ከሆነ ለ200 ስታካፍሉት 10 ይመጣል። የሚባክነውን ለማካካስ በ1.4 አባዙት፤ 14 ሰዓት። ይህ ቁጥር ለባዶ ድንጋይ ነው። መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ መብራት የነበረበትን ጊዜ ብቻ ደምሩ።

ፓወር ባንክ ላይ የሚሰካ ዘመናዊ ቻርጀር ማግኘት የቻለ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል። መብራት ቢሄድ ቻርጁ አይቋረጥም። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «ምን ላምጣልህ» ካለ፣ ከሽቶ ይልቅ ይህንን እመክራለሁ።

እጃችሁም ጥሩ መለኪያ ነው። የኒኬል ድንጋይ መሙላቱ ሲቃረብ ይሞቃል። ዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ሞቅ ካለ ጤና ነው። የፈላ ቡና እንደተቀዳበት ስኒ ጣት የሚያሸሽ ከሆነ ግን አውጡት። ያ ድንጋይ ወይ ከልክ በላይ ሞልቷል፣ ወይ ታሟል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ብዙ ርካሽ ቻርጀሮች ሁለት ሁለት ድንጋይ አያይዘው ነው የሚሞሉት። ባዶ የሆነውንና ግማሽ ያለውን አንድ ላይ ብታስገቡ፣ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ይቃጠላል። ሀ1 ከሀ2 ጋር ይገባል፤ አብረው ያልቃሉ፣ አብረው ይሞላሉ።

4. አሳርፋችሁ ለኩ

ከቻርጀር እንደወጣ 1.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ እርሱን አትመኑት። አንድ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት 2 ወይም 20 ላይ አድርጋችሁ ለኩት። ጤነኛው 1.3 እና ከዚያ ከፍ ያለ ያሳያል።

ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። የኒኬል ድንጋይ ግማሽ ሆኖም ሩብ ሆኖም ቮልቱ እምብዛም አይወርድም። የደከመም ድንጋይ ሥራ እስካልሰጡት ድረስ ደህና መስሎ ይታያል። እውነቱ የሚወጣው ሸክም ሲጫንበት ነው። ማስቀመጫው ውስጥ አስገቡትና ሁለቱን ሽቦዎች ከሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ጋር አገናኙ። የቴስተሩን ሁለት ምላሶች በድንጋዩ ግራና ቀኝ ያዙ። ቁጥሩን ተመልከቱ።

እኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሀ1 ያለ ሸክም 1.34 ነበር። ሬዚስተሩን ሳገናኝ 1.29 ላይ ወረደና ቆመ። ቆሜ አየሁት፤ አልተነቃነቀም። መ2 ደግሞ ያለ ሸክም 1.33 ነበር፤ ከሀ1 የሚለይ አይመስልም። ሳገናኘው 1.17 ገባ። ከዚያ 1.16፣ 1.15፣ 1.14 እያለ ዓይኔ እያየ ወረደ። ዳገት ላይ ሸክም እንደከበደው ሰው። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሌሊቱን ምን ይዘው እንደዞሩ የገባኝ።

5. የመጀመሪያው ፍተሻ፤ ዛሬ ምን ያህል ይዟል?

አሁን ድንጋዩን ከሬዚስተሩ ጋር እንደተገናኘ ተዉት፤ ሰዓቱን ጻፉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ባለ 2000ው ጤነኛ ከሆነ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃልና ቀኑን ሙሉ በዓይናችሁ ሥር ይሆናል። ሬዚስተሩ ስለሚሞቅ የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። የስኒ ማስቀመጫ ላይ ይሁን።

በየሰዓቱ ቮልቱን እየለካችሁ ጻፉ። ለብዙ ሰዓት 1.2 አካባቢ ይቆያል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ደህንነቱ እሱ ነው። ወደ መጨረሻው ድንገት ያዘቀዝቃል። 1.1 ሲገባ በየ10 ደቂቃው እዩት። 1.0 ቮልት ሲነካ ንቀሉት፤ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ በታች እንዲወርድ ማድረግ ድንጋዩን ይጎዳል። እንቅልፍ ይዟችሁ እንዳይሄድ ማታ አትጀምሩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ4.7 ኦም ሬዚስተር በየሰዓቱ 250 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወጣል። 7 ሰዓት ከሠራ 1750 ነበረው ማለት ነው፤ 8 ሰዓት ከሠራ 2000። ትሪፕል ኤ ከሆነ ባለ 800ው 3 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይቆያል። ደቂቃውን ግን ጥንቅቅ አድርጋችሁ ያዙ። ዋናው የሚያስፈልገን እሱ ነው።

ቴስተር ለሌለው፣ ሁለት ድንጋይ የሚገባበት የእጅ ባትሪ ይዞ አብርቶ ደብተር ላይ ያዙረው። ብርሃኑ ሳስቶ በአንድ ክንድ ርቀት ያለው ጽሑፍ አልነበብ ሲል ሰዓቱን ይጻፍ፤ ባትሪውንም ወዲያው ያጥፋ። ሚሊ አምፒሩን አያውቅም። ነገር ግን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ፍተሻ በአንድ ባትሪ፣ በአንድ ጨለማ ክፍል፣ በዚያው ጥንድ ከሠራ ማወዳደሩን ያገኘዋል።

6. እንደገና ሞልታችሁ 30 ቀን አስቀምጡ

የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጥቅምት 5 ያስቀመጣችሁትን ኅዳር 5 ታወጡታላችሁ፤ መቁጠር አያስፈልግም። ጳጉሜን መሐል እንዳይገባባችሁ ብቻ ተጠንቀቁ። ቀኑን ፕላስተሩ ላይ ጻፉና መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ማንም እንዳይነካው ለቤተሰቡ ተናገሩ። የኔ የመጀመሪያ ፍተሻ የተበላሸው እህቴ ሳታውቅ ለ1ን ለሪሞት ስለወሰደችው ነው። እንደገና 30 ቀን ጠበቅሁ።

7. ሁለተኛው ፍተሻና ውጤቱ

በ30ኛው ቀን ሳትሞሉት እንዳለ ወደ ሬዚስተሩ መልሱት። ያው ሬዚስተር፣ ያው ማቆሚያ 1.0 ቮልት። ከዚያ ሁለተኛውን ደቂቃ ለመጀመሪያው አካፍላችሁ በ100 አባዙ። የሚመጣው ቁጥር ድንጋዩ ከወር በኋላ በመቶ ስንት እንዳስቀረ ነው።

የኔን ላሳያችሁ። ሀ1 ቆይ ነው፣ ባለ 2000። መጀመሪያ 460 ደቂቃ ሠራ፤ ከወር በኋላ 420። 91 በመቶ አስቀርቷል። ሐ1 ተራ ነው፣ 2700 የሚል ጽሑፍ ያለው። መጀመሪያ 500 ደቂቃ ሠራ፤ ከሀ1 በ40 ደቂቃ ይበልጣል። ከወር በኋላ ግን 350 ላይ ቆመ። 70 በመቶ። እዚህ ላይ ጀሪካኑን አስቡት። በሞላበት ዕለት ሐ1 ይበልጥ ነበር፤ በወሩ ሀ1 በ70 ደቂቃ ቀደመው። መ2፣ ያ 4800 የሚለው፣ በመጀመሪያ ቀን እንኳን 150 ደቂቃ ነው የሠራው። 600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከወር በኋላ 35 ደቂቃ። ለጋሼ የሰጠሁት እርሱንና ጓደኛውን ነበር።

ማን ወዴት ይሂድ?

ውጤቱን ስታዩ «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብላችሁ ለሁለት አትክፈሉ። አብዛኛው ድንጋይ ቦታውን ካገኘ ይሠራል።

85 በመቶና ከዚያ በላይ ያስቀረው ለድንገተኛ ይቀመጥ። መብራት ሲሄድ የሚፈለገው የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ የበር ደወል፣ ሪሞት የእርሱ ናቸው። እነዚህ ብዙ ቀን ሥራ ፈተው የሚቀመጡ ስለሆኑ የሚያንጠባጥብ ድንጋይ አይሆናቸውም።

ከ60 እስከ 85 ያለው ሞልታችሁ በዚያው ሳምንት ለምትጨርሱት ሥራ ይሁን። የልጆች መኪና ለዚህ ተፈጥሯል። ልጅ መኪናውን ሳምንት ሙሉ አያቆመውም፤ ድንጋዩ ለማንጠባጠብ ጊዜ አያገኝም።

ከ60 በታች የሆነውን እንደገና ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ ጨርሱትና ፈትሹት። ካልተሻሻለ ቻርጀሩ አጠገብ ለሚሠራ ነገር ብቻ ተጠቀሙበት፤ ወይም አሰናብቱት። ለሰው አትስጡት።

የግድግዳ ሰዓትን ለብቻው አነሳዋለሁ። ሰዓት በጣም ትንሽ ነው የሚበላው፤ አንድ ድንጋይ ዓመት ያሠራዋል። ተራ የሚሞላ ካስገባችሁበት ሰዓቱ ሳይጨርሰው ራሱን ይጨርሳል። ደህና የማይሞላ አልካላይን ቢገባበት አይቆጨኝም።

ጥንድም ስትሠሩ በፊደል ብቻ አትመሩ፤ ደቂቃውን ተመልከቱ። 460ና 450 የሠሩት ይጣመሩ። 460 የሠራውን ከ300 ጋር ብታጣምሩ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ብርቱው እየገፋ ዋልታውን እስከመገልበጥ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ደካማው ሰው አይሆንም።

ስታስቀምጡ

ልጅ ሆነን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው፣ በጥርስም እንነክሰው ነበር። ያ ለጥንቱ ደረቅ ድንጋይ ለአንድ ዜና የሚበቃ ነፍስ ይዘራበት ነበር፤ ሙቀቱ የቀረውን ኬሚካል ያነቃቃዋልና። የሚሞላው ላይ ግን ተቃራኒ ነው። ሙቀት ማንጠባጠቡን ያፋጥነዋል፤ መንከስ ደግሞ አካሉን ቀድዶ አደገኛ ፈሳሽ ያወጣል። እናቴ እስከ ዛሬ መስኮት ላይ ትደረድራቸዋለች። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር አነሳቸዋለሁ።

በዚህ በኩል አዲስ አበባ አድላናለች። ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። የክፍላችን ቅዝቃዜ ለድንጋይ ምቹ ነው፤ ፍሪጅ አያስፈልግም። ብቻ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከምጣድ አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከመኪና ውስጥ አርቁ። የታችኛው መሳቢያ ጥሩ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አታድርጉ። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይግላል፤ ያቃጥላል።

ሌሎቹ ዓይነቶች፣ በአጭሩ

ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት ውስጥ ያለው ወፍራሙ ድንጋይ ሊቲየም ነው፤ 3.7 ቮልት። ማንጠባጠቡ በጣም ትንሽ ስለሆነ በወር ብዙ አያጣም። በኒኬል ቻርጀር ፈጽሞ አይሞላም። እኔ የጻፍኩትን ባለ 1.0 ቮልት ፍተሻም አትሥሩበት፤ ከ2.5 በታች መውረድ የለበትም። 9900 የሚል ጽሑፍ ካለበት አትመኑት፤ በዚያ መጠን እውነተኛው ጣሪያ 3500 ገደማ ነው። ያበጠ፣ የተላጠ ወይም የሚሸት ከሆነ ወዲያው ከቤት ይውጣ።

ባለ እጀታው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ትልቁ የቻርጅ መብራት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ባትሪ አለ። የእርሱ ጠባይ ሌላ ነው። ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ባዶ ሆኖ ሳምንታት ከቆየ ውስጡ ጠጣር ነገር ይጋገርበትና ዳግም አይሞላም። መብራት በተጠቀማችሁበት ማግስት ሙሉት፤ ባትጠቀሙበትም በወር አንድ ጊዜ ሰክታችሁ አጥግቡት።

የሞተውን

የሞቱትን ድንጋዮች ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉ፤ ይፈነዳሉ። ኒኬል ካድሚየም የሚል የቆየ የሚሞላ ድንጋይ ካላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ካድሚየም መርዝ ነው። ጓሮ አትጣሉት፤ ጎመን የተተከለበት ቦታ ደግሞ ፈጽሞ። ጫፎቻቸውን በፕላስተር ሸፍኜ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጣለሁ። የኤሌክትሮኒክስ ቅራቅንቦ የሚረከብ ሲገኝ በአንድ ላይ ይሄዳሉ። መ1ና መ2 እዚያ ጣሳ ውስጥ ናቸው።

ለጋሼ ሁለት ጥንድ ለይቻለሁ፤ ሀና ለ። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወርጄ አንዱን ጥንድ እሰጣቸዋለሁ፤ የተጠቀሙበትን ይመልሱልኛል፤ እሑድ ቀን ይሞላል። ባለፈው ሲቀበሉኝ እጃቸው ላይ መዘን አድርገው «የዛሬዎቹስ?» አሉኝ። «እሑድ የተሞሉ ናቸው ጋሼ፤ ቀኑ ተጽፎባቸዋል» ብዬ ፕላስተሩን አሳየኋቸው።